የአጭር ጊዜ ትውስታ ከዕድሜና ከፆታ ጋር ያለው ግንኙነት

የአጭር ጊዜ ትውስታ አንድን መረጃ ለጥቂት ሰከንዶች በአእምሮ ይዞ የማቆየት ችሎታ ነው። የተነገረን የስልክ ቁጥር እስኪጽፉት ድረስ መያዝ፣ የደብዳቤን ቁጥርና ቀን ወደ መዝገብ መገልበጥ፣ በስብሰባ ላይ የተነሳን ጥያቄ መልስ እስኪሰጥበት አለመዘንጋት በዚሁ ችሎታ የሚከናወኑ ተግባራት ናቸው።

ይህ ችሎታ ከረጅም ጊዜ ትውስታ የተለየ ስለመሆኑ የሄንሪ ሞሌይሰን ታሪክ በማስረጃነት ይጠቀሳል። ለሚጥል በሽታ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1953 የአንጎል ቀዶ ጥገና የተደረገለት ይህ አሜሪካዊ፣ የተነገሩትን ቁጥሮች ወዲያውኑ መድገም ቢችልም አዲስ የተዋወቀውን ሰው ግን ከደቂቃዎች በኋላ አያስታውስም ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 7 ያህል ነገሮችን መሆኑን ገልጿል። ኔልሰን ኮዋን የተባለ ሌላ ተመራማሪ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2001 መጠኑን ወደ 4 ዝቅ አድርጎታል። ባለ 10 አሃዝ የሞባይል ቁጥርን በሁለትና በሦስት አሃዝ እየከፈሉ መጥራት ለመያዝ የሚያቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕድሜ

የ5 ዓመት ሕፃን በአማካይ 4 ያህል ቁጥሮችን ሰምቶ መድገም ሲችል፣ መጠኑ በትምህርት ዕድሜ እያደገ ሄዶ በአዋቂነት 7 ገደማ ይደርሳል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ የአጭር ጊዜ ትውስታ እስከ 25 ዓመት ገደማ ይጎለብታል፤ ከ35 ዓመት ገደማ ጀምሮም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በአንጻሩ የቃላት እውቀት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑን ይኸው ጥናት አረጋግጧል።

ቅነሳው በሁሉም ተግባር ላይ እኩል አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የሰሙትን ቁጥር በቅደም ተከተሉ በመድገም ረገድ ብዙም ወደኋላ አይቀሩም። ይበልጥ የሚቸገሩት መረጃውን ይዘው በዚያው ቅጽበት ሌላ ሥራ እንዲሠሩ ሲጠየቁ ነው። ለዚህም የአእምሮ የሥራ ፍጥነት መቀነስና ትኩረት በቀላሉ መበተኑ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

ፆታ

ሴቶች ቃላትንና የዕቃዎችን መገኛ በማስታወስ፣ ወንዶች ደግሞ በአንዳንድ የአቅጣጫና የቦታ ፈተናዎች በጥቂቱ የተሻለ አማካይ ውጤት ያሳያሉ። ቁጥሮችን ሰምቶ በመድገም ረገድ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንድ ፆታ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ ፆታዎች አማካይ መካከል ካለው እጅግ የሰፋ ነው። በመሆኑም ፆታን መሠረት በማድረግ የአንድን ሠራተኛ የማስታወስ ብቃት መገመት ሳይንሳዊ ድጋፍ የለውም።

ጥንቃቄ የሚሹ ምልክቶች

እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የአልኮል መጠጥ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዛባት በማንኛውም ዕድሜ ትውስታን ያዳክማሉ። አብዛኞቹም በወቅቱ ከተደረሰባቸው ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። የሰውን ስም ለጊዜው ዘንግቶ ኋላ ማስታወስ የተለመደ ሲሆን፣ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በሚያውቁት ሰፈር መንገድ መሳትና የለመዱትን ሒሳብ መሥራት መቸገር ግን የመርሳት በሽታ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

በሥራ ቦታም ቃል በቃል የሚተላለፍ መመሪያን በጽሑፍ ማድረግ፣ ረጅም ትእዛዝን ከፋፍሎ ማቅረብና ሠራተኛው የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ሥራ አለመደራረብ ስህተትን ይቀንሳል። እነዚህ እርምጃዎች ለወጣቱም ለአንጋፋውም፣ ለሴቷም ለወንዱም እኩል ይጠቅማሉ።