የምሽትና የርችት ፎቶግራፍ በኪስ ካሜራ

የምሽት ፎቶግራፍ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በመንገድ መብራት፣ በእሳት፣ በጨረቃ ወይም በርችት ብርሃን የሚነሳ ፎቶግራፍ ነው። የኪስ ካሜራ፣ በሌላ ስሙ ኮምፓክት ካሜራ፣ ሌንሱ የማይነቀልና በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ የሚነሱ የምሽት ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ይደበዝዛሉ ወይም ይጠቁራሉ። ካሜራው ሳይነቃነቅ ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን እንዲሰበስብ ከተደረገ ግን አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

የብርሃን እጥረት ምክንያት

በካሜራ ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል ሴንሰር ይባላል። በተለመደው የኪስ ካሜራ የሴንሰሩ ስፋት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የትልልቅ ባለሙያ ካሜራዎች ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የቆዳ ስፋቱ ከትንሹ 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ትንሹ ካሜራ በጨለማ ጥቂት ብርሃን ብቻ ያገኛል።

እጥረቱን ለማካካስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አይኤስኦ የተባለውን የብርሃን ስሜት መጠን ከፍ ማድረግ ነው፤ ሆኖም ከ800 በላይ ሲሆን በትንሽ ሴንሰር ላይ ነጠብጣብ ይበዛል። ሁለተኛው ሹተር የሚባለው መዝጊያ ለረጅም ጊዜ ክፍት እንዲቆይ ማድረግ ነው። ጊዜው በእጥፍ ሲጨምር የሚገባው ብርሃንም በእጥፍ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ እጅ በጥቂቱ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ምስሉ ይደበዝዛል።

ካሜራውን ማስቀመጥ

ለዚህ የሚያገለግለው ትራይፖድ የሚባለው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ማቆሚያ ከሌለ ግንብ፣ የመስኮት ደፍ ወይም ጠረጴዛ ይበቃል። በሩዝ ወይም በባቄላ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ከሥሩ ከተደረገ ካሜራው ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ተደላድሎ ይቀመጣል። አዝራሩን በጣት መጫን ራሱ ካሜራውን ስለሚያናውጥ፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ማዘዝ ይመረጣል። በዙም ማቅረብ መንቀጥቀጡን ያጎላል፤ በብዙ ካሜራዎችም በሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል።

የካሜራው ፍላሽ የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ለሩቅ እሳት፣ ለከተማ መብራትና ለርችት ምንም አይጠቅምም፤ ጭስና አቧራ ሲያገኝ ደግሞ ምስሉን በነጭ ነጠብጣብ ይሸፍነዋል። ስለዚህ መጥፋት አለበት።

የምሽት በዓላት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የእሳት ብርሃን የሚታይባቸው ዋና ዋና ምሽቶች በክረምቱ መጨረሻና በመስከረም ይውላሉ። የቡሄ ችቦ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ የዘመን መለወጫ ችቦ በዋዜማው ይበራል። የመስቀል ደመራ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ መስከረም 16 ቀን ይለኮሳል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ርችት በከተማው በታላላቅ በዓላት ይተኮሳል፤ ከእነዚህ አንዱ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተከበረው የሚሌኒየም በዓል ነበር።

ደመራ በየሰፈሩና በየአጥቢያውም ይበራል። በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ያለ ፎቶ አንሺ መሃል ከተማ ሳይወርድ የሰፈሩን ደመራ ማንሳት ይችላል። በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ በአዲስ አበባ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን፣ በክፍለ ከተማው በኩል የወጨጫ ተራራ በስተ ምዕራብ ስላለ ከዚያ ጥቂት ቀድማ ልትሰወር ትችላለች። ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ድንግዝግዙ ቶሎ ያልቃል። በእነዚህ ደቂቃዎች የሚነሳ ፎቶ እሳቱንም ቤቶቹንም ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ከእሳቱ በቀር ሌላው ይጨልማል።

ችቦና ደመራ

ካሜራው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ሲጨምር ነበልባሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለመከላከል ኢቪ በተባለው ማስተካከያ ብርሃኑን ወደ −1 መቀነስ ይቻላል። የቀለም ማስተካከያው «ፀሐይ» ላይ ከተደረገ የእሳቱ ብርቱካናማ ቀለም ይጠበቃል፤ በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ካሜራው ቀለሙን ሊያደበዝዘው ይችላል።

የደመራው ምሰሶ የሚወድቅበት አቅጣጫ በልማድ የመጪው ጊዜ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ሕዝቡ በጉጉት ይጠብቀዋል። ይህ ቅጽበት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይቆያል። የኪስ ካሜራ አዝራሩ ከተጫነ በኋላ ሌንሱን እስኪያስተካክል ድረስ ይዘገያል። ስለዚህ አስቀድሞ አዝራሩን በግማሽ ተጭኖ ማስተካከልና ምሰሶው ማዘንበል ሲጀምር በተከታታይ ማንሳት ያስፈልጋል። ምሰሶው ወደየትም ሊወድቅ ስለሚችል ከቁመቱ በላይ ርቆ መቆም ግድ ነው።

ርችት

ርችት ራሱ ብሩህ ስለሆነ ከፍተኛ አይኤስኦ አያስፈልገውም። ቀይ ቀለሙ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ቢጫው ከሶዲየም፣ ሰማያዊው ከመዳብ ውሕዶች ይገኛል። መዝጊያው በጣም አጭር ጊዜ ከተከፈተ ነጠላ ብልጭታዎች ብቻ ይቀረጻሉ፤ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ሲከፈት ፍንጣሪዎቹ ሲዘረጉ ያለው መስመር ይታያል። ብዙ ካሜራዎች «ርችት» የሚል ምርጫ አላቸው፤ በብዙዎቹ የኒኮን ኩልፒክስ ሞዴሎች ይህ ምርጫ መዝጊያውን ለ4 ሰከንድ ይከፍታል።

ካሜራው በጨለማ ሰማይ ላይ ትኩረት ማድረጊያ ስለሚያጣ፣ ትኩረቱ የተራራ ምልክት ባለው የሩቅ ምርጫ ላይ ይደረጋል። ጭስ እየተከማቸ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፎቶዎች የጠሩ ናቸው። ነፋሱ ከጀርባ በሚመጣበት ቦታ መቆምም ይረዳል። ርቀቱን ለመገመት ድምፅን መጠቀም ይቻላል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ብልጭታው ከታየ 3 ሰከንድ በኋላ የሚሰማ ፍንዳታ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

መነሻ ልኬቶች

• የከተማ መብራት፦ አይኤስኦ 100፣ ከ2 እስከ 8 ሰከንድ፣ በማቆሚያ
• በእሳት ብርሃን የሚታዩ ሰዎች፦ አይኤስኦ 800፣ 1/30 ሰከንድ፣ ያለ ፍላሽ
• የእሳቱ ነበልባል፦ አይኤስኦ 200፣ 1/125 ሰከንድ
• ርችት፦ አይኤስኦ 100፣ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ፣ በማቆሚያ

እነዚህ መነሻዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ፎቶ ከታየ በኋላ እንደ ሁኔታው ይስተካከላሉ።

ጥንቃቄ

ባትሪው ከበዓሉ በፊት መሞላት፣ በማስታወሻ ካርዱ ላይም ቦታ መኖር አለበት። በሕዝብ መካከል የተዘረጋ ማቆሚያ ሰው ሊያሰናክል ስለሚችል ዳር ላይ ይደረጋል። በጸሎት ላይ ያሉ ሰዎችን ወይም ሕፃናትን ከቅርብ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።