የተቆረጠ አበባ የማጠናቀቂያ ርጭት

የማጠናቀቂያ ርጭት የተቆረጠ አበባ ከተሰናዳ በኋላ፣ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት በላዩ ላይ በስሱ የሚነፋ ፈሳሽ ነው። ዋና ዓላማው ከአበባውና ከቅጠሉ የሚተነውን ውኃ መቀነስ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ምርቶች ጠርዙ እንዳይጠቁርና ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ይረዳሉ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። በአበባ ሻጮች ዘንድ በሰፊው ከሚታወቁት መካከል ክራውኒንግ ግሎሪ እና ፊኒሺንግ ተች የተባሉት የፍሎራላይፍ ምርቶች ይገኛሉ፤ ክሪሳል የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያም ተመሳሳይ ምርት አለው። ርጭቱ የሚጠቅመው ውኃ ጠጥቶ የጠገበን አበባ ነው። የጠወለገውን መልሶ አያነሣም።

አሠራር

አበባ ከተክሉ ሲቆረጥ ከሥር ይመጣለት የነበረው ውኃ ይቋረጣል፤ ትነቱ ግን ይቀጥላል። ቅጠል ውኃ የሚያስወጣው በአብዛኛው በጥቃቅን መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በኩል ነው። ቀለማሙ የአበባ ክፍል (መልካበባ) ግን እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ወይ የሉትም ወይ ጥቂት ናቸው፤ ከእሱ ውኃው የሚያመልጠው ላዩን የሸፈነውን ስስ ሰም መሰል ልባስ አልፎ ነው። ሽፋን የሚሠራ ርጭት በዚህ ልባስ ላይ ሌላ ስስ ልባስ ይደርብበታል።

ልባሱ የሚወጣውን ውኃ ይቀንሳል እንጂ የሚገባውን አይጨምርም። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጽጌረዳ ቫዝ ውስጥ በገባች በጥቂት ቀኗ አንገቷን ስትደፋ ይታያል። ከእምቡጡ ሥር ያለው የዘንጉ ክፍል ገና ያልጠነከረ በመሆኑ፣ ውኃ ሲያጥረው የአበባዋን ክብደት መሸከም ያቅተውና ይታጠፋል፤ መልካበባዋ በዚያን ጊዜ ገና አልጠወለገም፣ ቀለሙም እንዳለ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ታች ነው፦ በተቆረጠው አፍ በኩል አየር ገብቷል፣ ወይም በቫዙ ውኃ ውስጥ የተባዙ ባክቴሪያዎች የውኃ መውጫ ቧንቧዎቹን ደፍነዋል። እንዲህ የሆነችን ጽጌረዳ ከላይ ምንም ቢረጩባት ቀና አትልም። ዘንጉን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ማቆም ግን ብዙ ጊዜ ያነሣታል።

ዓይነቶች

በአንድ ስም ቢጠሩም ሥራቸው የተለያየ ነው። ሽፋን የሚሠሩት ሰም ወይም ሰም መሰል ፖሊመር የያዙ ናቸው። ከእነዚህ ጋር የሚዛመዱ፣ ከጥድ ሙጫ የሚሠሩ ትነት ቀናሾች በአትክልተኞች ዘንድ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆኑ ዛፎችን ከክረምት ነፋስ ለመከላከል ሲያገለግሉ ቆይተዋል፤ የአበባ ሻጮቹ ርጭት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አለ። ሁለተኛው ወገን እርጥበት ሰጪው ነው። የሃይድራንጃ አበባ ውኃ የሚጠጣው በዘንጉ ብቻ ሳይሆን በራሱ በአበባው ገጽ ጭምር በመሆኑ፣ የጠወለገች ሃይድራንጃ ራሷን ውኃ ውስጥ ሲነክሯት ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። ለእሷ መጀመሪያ ውኃ፣ ኋላ ልባስ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልባሱ ውኃውንም ይከለክላታል።

ሦስተኛው ሆርሞን የያዘው ነው። ቤንዚል አዴኒን የተባለው ሳይቶካይኒን በሐሩር አገር አበቦች ላይ፣ በተለይም በአንቱሪየም፣ በሄሊኮኒያና በቀይ ጅንጅብል ላይ በርጭት ወይም በመንከር ተሞክሮ ዕድሜ ማራዘሙ በሃዋይ ተመዝግቧል። ውጤቱ ግን በአበባው ዓይነትና በዝርያው በጣም ይለያያል። ቤንዚል አዴኒን ጂበረሊን ከተባለው ሌላ ሆርሞን ጋር ተቀላቅሎ የሊሊ ቅጠል ቢጫ እንዳይሆን ለማድረግም ይውላል።

ኤትሊን እና የካርኔሽን «እንቅልፍ»

የማጠናቀቂያ ርጭት ኤትሊን የተባለውን ጋዝ ይከላከላል የሚል አባባል በሰፊው ይሰማል። ይህን ለመመዘን ስለ ጋዙ የሚታወቀውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች መንገድ ይበራ የነበረው ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር። ከመሬት በታች የተቀበሩት ቧንቧዎች ሲያፈሱ በዙሪያቸው ያሉ ዛፎች ቅጠላቸውን ያለጊዜው ያረግፉ ነበር፤ ፈረንሳዊው ዢራርዳን ይህን እ.ኤ.አ. በ1864 ዘግቧል። ከጋዙ ውስጥ ጉዳቱን ያደረሰው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያሳየው ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ ሲሆን፣ በ1901 ባሳተመው ሥራ በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአተር ቡቃያዎች ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ ወደ ጎን የሚተኙት በኤትሊን ምክንያት እንደሆነ አረጋግጧል። የግኝቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው እንደ መዛኙ ይለያያል፦ ጉዳቱን ቀድሞ የዘገበውን የሚያስቀድሙ አሉ፣ ጋዙን ለይቶ ያወጣውን የሚያስቀድሙም አሉ። ለአበባ ንግድ ግን ወሳኙ ሥራ የመጣው ከቺካጎ ነው።

በቺካጎ የካርኔሽን አምራቾች አበባቸው ከግሪንሃውስ ከወጣ በኋላ ሳይፈካ እየቀረባቸው፣ የፈካውም መልሶ እየታጠፈ ይከስሩ ነበር። ነጋዴዎቹ አበባው «ተኛ» ይሉ ነበር፤ ዛሬም ጉዳቱ በዚሁ ስም ይታወቃል። ዊልያም ክሮከርና ሊ ናይት በ1908 ባሳተሙት ጥናት ቦስተን ማርኬት እና ፒንክ ሎውሰን የተባሉ የካርኔሽን ዝርያዎችን ለመብራት ጋዝና ለኤትሊን አጋለጡ። ከ2,000,000 የአየር እጅ ውስጥ አንድ እጅ ኤትሊን ብቻ ያለበት አየር በ12 ሰዓት ውስጥ የፈካውን ካርኔሽን መልሶ ያሳጥፈዋል። የመብራት ጋዙ መርዛማነትም የሚወሰነው በውስጡ ባለው ኤትሊን መጠን እንደሆነ ደመደሙ። ይህን ያህል ትንሽ መጠን በዘመኑ ምንም ዓይነት የኬሚስትሪ መሣሪያ ሊለካው የማይችል ነበርና፣ አበባው ራሱ እንደ መለኪያ አገልግሏል ማለት ይቻላል። በዚህ መጣጥፍ ከተነሡት ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ሥራ ይኸው ነው። ኋላም በ1934 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ተክሎች ኤትሊንን ራሳቸው እንደሚያመርቱ በፖም ፍሬ አሳየ። የበሰለ ሙዝና ፖም ከአበባ አጠገብ አይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ኤትሊንን በእርግጥ የሚያግዱት መድኃኒቶች ግን ሌላ መንገድ አላቸው። በ1976 ኤልሞ ቤየር የብር አዮን የኤትሊንን ሥራ እንደሚያግድ አሳየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፌንና ቫን ደ ኸይን ብሩ በሲልቨር ታዮሰልፌት መልክ ሲዘጋጅ በካርኔሽን ዘንግ ውስጥ በቀላሉ እንደሚጓዝ አረጋገጡ። አበባው ይህን በዘንጉ ይጠጣዋል፤ በርጭት የሚሰጠው በአብዛኛው በማሰሮ ለተተከሉ አበቦች ነው። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሺፕ ያገኙት ባለ አራት ካርቦኑ 1-ኤምሲፒ ደግሞ ጋዝ ሲሆን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚለቀቅ ነው። ስለዚህ ሰም መሰል ልባስ ብቻ የያዘ ርጭት ለካርኔሽን የእነዚህን ያህል ይሠራል ብሎ ለመናገር በቂ መነሻ ያለ አይመስልም።

የፀጉር ስፕሬይ

ለተቆረጠ አበባ የፀጉር ስፕሬይ መንፋት ከቤት ውስጥ ዘዴዎች በጣም የታወቀው ነው። እንደ ልማዱ አበባው ተዘቅዝቆ ይያዝና ከሥሩ ወደ ላይ ይነፋበታል። የፀጉር ስፕሬይ አልኮልና ሙጫ መሰል ፖሊመር ስላለው ሲደርቅ ልባስ ይሠራል፤ ልማዱ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። አልኮሉ ግን ስስ የሆነውን መልካበባ ያቃጥላል፣ ነጭ አበባ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። ለደረቀ አበባና ለፓምፓስ ሣር ግን ጠቃሚ ነው፤ ዘለላውን እንዳይረግፍ ይይዘዋል። ስፕሬዩ ተቀጣጣይ በመሆኑ ሻማ ወይም ከሰል አጠገብ አይነፋም።

አጠቃቀም

አበባው በቅድሚያ ተቆርጦ፣ ከውኃ በታች የሚውሉት ቅጠሎች ረግፈው፣ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ለሰዓታት ይጠጣል። ከዚያ ይሰናዳል፣ በመጨረሻም ከክንድ የማይበልጥ ርቀት ላይ ሆኖ በስሱ ይነፋበታል። ጠብታ ሆኖ እስኪንጠባጠብ መንፋት ስህተት ነው። ወደ ፍሪጅ ከመግባቱ ወይም በላስቲክ ከመጠቅለሉ በፊት መድረቅ አለበት፤ በመልካበባ መካከል የቀረ ጠብታ ቦትራይቲስ ለተባለው ግራጫ ሻጋታ መራቢያ ነው። ጽጌረዳ ላይ መጀመሪያ ትንሽ የውኃ ነጠብጣብ የሚመስል፣ ኋላ ቡናማ ሆኖ የሚሰፋ ጠባሳ ከታየ የሻጋታው ምልክት ነው። በ2010 በታተመ ጥናት ጽጌረዳን በሊትር 200 ማይክሮ ሊትር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ባለው ውኃ (የበረኪና ዋና ክፍል ነው) ለ10 ሰከንድ መንከር ሻጋታውን ቀንሷል።

ርጭቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ውኃ የማያገኘውን አበባ ነው። በሙሽራ ኮት ደረት ላይ የሚሰካ ኦርኪድ፣ በፀጉር ላይ የሚሠራ ጋርዴኒያ፣ የአበባ ጉንጉን፣ በመኪና ኮፈን ላይ የታሰረ ጽጌረዳ ከሚያስወጡት ውኃ የሚተካላቸው የለም። ውኃ ባለበት ቫዝ ውስጥ ያለ አበባ ግን ከርጭቱ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ውኃውን መቀየርና ዘንጉን እንደገና መቁረጥ ይሻለዋል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ ዋናው ምርት ጽጌረዳ ሲሆን፣ እርሻዎቹ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በሌሎችም አካባቢዎች ይገኛሉ። የአምራቾቹና ላኪዎቹ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በእርሻው ላይ የሚደረገው ሕክምና ከታች ነው፦ አበባው እንደተቆረጠ መድኃኒት ባለው ባልዲ ውስጥ ይቆማል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል፣ ከዚያ ያለ ውኃ በካርቶን ታሽጎ ከቦሌ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ርጭቱ የእርሻው ሳይሆን የመጨረሻው ሻጭ ሥራ ነው።

በአዲስ አበባ ሠርግ የሙሽሮች መኪና በትኩስ አበባ ይሸለማል፤ በመንገድ ላይ ነፋስና ፀሐይ ስለሚያገኘው አበባው ከእራት በፊት ሊጠወልግ ይችላል። የማጠናቀቂያ ርጭት ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ብዙ ሻጮች የሚያደርጉት በላስቲክ በተጠቀለለ አበባ ላይ ውኃ መርጨት ግን ለጊዜው ያሳምራል እንጂ ሻጋታን ይጋብዛል።

ጥንቃቄ

ለኬክ ማስጌጫና ለመብል በሚውል አበባ ላይ ለምግብ ያልተፈቀደ ርጭት አይነፋም። ሐር እና ቬሎ ላይ ምልክት ሊተው ስለሚችል አበባው ከልብስ ጋር ከመያያዙ በፊት ይደርቃል።