የሩት አሳዋ ነሐስና የማሳው ትዝታ

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የምንኖር ስደተኞች በሳን ሆዜ የፌዴራል ሕንፃ አጠገብ የቆመውን የነሐስ ግድግዳ ልብ ሳንለው እናልፋለን። ቀራጺዋ ሩት አሳዋ (1926–2013 እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ከጃፓን መጤ ገበሬዎች ተወለደች። ልጅ ሳለች፣ ፈረስ ከሚጎትተው የእርሻ መደልደያ ኋላ ተቀምጣ በእግሯ ጣቶች አፈሩን ትስል ነበር፤ ያ መስመር በኋላ በሽቦ ሥራዎቿ ተመልሶ መጥቷል። በ1942 መንግሥት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆችን ሲያግዝ አባቷ ተለይተው ታሰሩ፤ እርሷም ከተቀሩት ቤተሰቦቿ ጋር መጀመሪያ በፈረስ ጋጣ ተቀመጠች።

በ1962 ወዳጆቿ ከዴዝ ቫሊ በረሃ ያመጡላትን ተክል ለመሳል ብትሞክር አልሆነላትም። ሽቦ አስራ ስትሠራው ግን ግንዱ ወደ ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚበተን ገባት። በ1973 ለቆመው የሳን ፍራንሲስኮ ምንጭ ደግሞ ሕፃናት ጭምር ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ ባቦኩት ሊጥ ያበጁትን ምስል በነሐስ አስፈሰሰች።

ተመልካቾች ብዙ ጊዜ የተክል ቅርጾቿን ከመታሰቢያ ሐውልቷ ለይተው ያያሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም የበቀሉት ወላጆቿ ጥለውት ከተጋዙበት ማሳ ነው። የሳን ሆዜው ግድግዳ የቆመው ከግዞቱ 52 ዓመት በኋላ፣ በ1994 ነው። ከግዞቱና ከእስሩ ትዕይንት ጋር የእርሻው ኑሮም ተቀርጾበታል።