ስዊቹ ያየውን እንዲናገር

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ስለ አንድ ምስክር ላውጋችሁ። ምስክሩ ሰው አይደለም፤ ቢሮ ጥግ ተቆልፎበት ቀን ከሌት የሚሠራ የኔትወርክ ስዊች ነው። የትኛው ፖርት ወደቀ፣ የትኛው ተነሣ፣ ሁሉን ያያል። ያየውን ካላስመዘገቡት ግን ምንም ማስረጃ አይተርፍም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት እንበል። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ይንቀራፈፍና ጭራሽ ቀጥ ይላል። ወጣቷ ባለሙያ ሒሳብ ክፍል ትደርሳለች።

«እትዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የቆመባችሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልጄ። ትናንትም እንዲሁ ነበር።»

ይህን ስትጠይቅ አንዱ ቸኩሎ ስዊቹን ነቅሎ ሰካው። መስመሩ ለጊዜው ተመለሰ፤ ማስረጃው ግን ጠፋ። ሲስኮ ካታሊስት የተባለው ስዊች ሌላ ካልታዘዘ መዝገቡን የሚይዘው በራሱ ራም ላይ ነው፤ ያውም 4,096 ባይት ብቻ። ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።

እንግዲህ ቃሉ ከስዊቹ ውጭ መቀመጥ አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ሲስሎግ የተባለው የመዝገብ መላኪያ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን በርክሌይ ላይ፣ ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራም የሠራው ነው፤ ዛሬ ከስዊች እስከ ሰርቨር ብዙው ይናገረዋል።

ወጣቷ መጀመሪያ ያስተካከለችው ሰዓቱን ነው። ሰዓቱን ከኤንቲፒ ሰርቨር ካልወሰደ ብዙ የሲስኮ ስዊች በተነሣ ቁጥር ራሱን መጋቢት 1 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ላይ ያገኘዋል። የሰዓት ቀጣናውም ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ሦስት ሰዓት ወደፊት ካልተገፋ፣ የእትዬ ዘጠኝ ሰዓት መዝገቡ ላይ 12፡00 ይሆናል። ስታስተካክለው 15፡00 አለ፤ የሰውና የማሽኑ ቃል ገጠመ።

ቀጥላ «ሎጊንግ ሆስት» ብላ መዝገቡን የሚቀበለውን ሰርቨር አይፒ አድራሻ ጻፈች። መልእክቱ በዩዲፒ ፖርት 514 ይሄዳል።

ከዚያ የመልእክቱን የክብደት ደረጃ መምረጥ መጣ። ከ0 እስከ 7 ነው፤ 0 የመጨረሻው አደጋ፣ 7 ዝርዝር ፍተሻ። 6 ካሉት ከ0 እስከ 6 ያለው ሁሉ ይላካል። እሷም 6 አለች። ዩዲፒ መልእክቱ መድረሱን አያረጋግጥምና አንድ ገመድ ነቅላ ሞከረችው፤ «ፖርቱ ወደቀ» የሚለው ቃል ሰርቨሩ ላይ ታየ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ዳግም ተንቀራፈፈ። አሁን ግን መዝገብ አለ። የጌትዌዩ ማክ አድራሻ አንዴ በፖርት 24፣ አንዴ በፖርት 17 እየታየ ይዋልላል ይላል። የ17ን ገመድ ተከትላ የስብሰባ አዳራሽ ገባች። ጠረጴዛ ሥር ስብሰባ ሲኖር ብቻ የምትበራ ትንሽ ስዊች አለች፤ የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፍ እዚያው እሷ ላይ ተሰክቷል። መልእክቱ ሁሉ እየዞረ መስመሩን አጨናንቆታል። አንዱን ጫፍ ስትነቅል ሥራው ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ ስለ ማክ አድራሻው መዋለል የመጣው መልእክት ደረጃ 4 ነው። «ከባዱ ስህተት ይበቃኛል» ብላ 3 ላይ ብትወስን ኖሮ ባልደረሳት ነበር።

አዲስ ስዊች ከካርቶን የምታወጡ ሁሉ፣ ሰዓቱን፣ ሰርቨሩንና ደረጃውን ያን ዕለት ጨርሱ። ብልሽት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሳይመዘገብ ያለፈውንም ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው የለም።