ቀዶ ጥገናና የሞቀ መድኃኒት፦ የአንድ ሕክምና ታሪክ

የትልቁ አንጀት ካንሰር ከበቀለበት ስፍራ አልፎ የሆድ ዕቃን ከውስጥ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ እንደ ዘር በተበተነ ጊዜ፣ ለብዙ ዘመን የሐኪሙ ተግባር ስቃይን ከማስታገስ እምብዛም አያልፍም ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ወደዚህ ሽፋን የሚደርሰው በጥቂቱ በመሆኑ፣ ቀዶ ጥገናም ቢሆን ተስፋ ያለው ሆኖ አልታየም። ይህ አስተያየት እንዲለወጥ ከተደረገው ጥረት ከፊሉ የመሐንዲስ ስሌት ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው የኬሚካል መሐንዲስ ሮበርት ዴድሪክ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሐሳብ በቁጥር አስደግፎ አቀረበ። ይኸውም በሆድ ዕቃ ውስጥ የፈሰሰ መድኃኒት ወደ ደም የሚሻገረው በዝግታ ሲሆን፣ ወደ ደም የገባውን ግን ሰውነት ፈጥኖ ያስወግደዋል የሚል ነው። እንግዲህ ሌላው አካል ሊሸከመው የማይችለውን የመድኃኒት ክምችት በሆድ ዕቃ ውስጥ ብቻ ማቆየት ይቻላል ማለት ነው።

በ1979 በኬንታኪ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ጆን ስፕራትና ጓዶቹ መድኃኒት ያለበትን ፈሳሽ አሙቆ በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚያዘዋውር መሣሪያ በውሾች ላይ ከሞከሩ በኋላ በአንድ በሽተኛ ላይ ተጠቀሙበት፤ ሥራቸውም በ1980 ታተመ። ፈሳሹ የሚሞቀው ሙቀት የካንሰርን ሕዋስ ያዳክማል፣ የመድኃኒቱንም ኃይል ያበረታል ተብሎ ስለ ታመነ ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዓይን የሚታየው ዕጢ ሁሉ አስቀድሞ ተቆርጦ መውጣት ነበረበት። በዋሽንግተን የሚገኘው ፖል ሹገርቤከር የታመመውን ሽፋን ገፍፎ የማውጣትን ዘዴ በ1995 በዝርዝር አሳተመ። የበሽታውም ስፋት ሆድ ዕቃው በ13 ክፍሎች ተከፍሎ ከ0 እስከ 39 በሚደርስ ነጥብ የሚለካበት ሥርዓት ተለመደ።

በ2003 ከአምስተርዳም የወጣው ጥናት ታላቅ ተስፋን አሳደረ። ከ105 በሽተኞች መካከል በተለመደው መድኃኒት የታከሙት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት ከ12.6 ወር በላይ ሲሆን፣ ቀዶ ጥገናና የሞቀ መድኃኒት ካገኙት ወገን ግን ግማሾቹ ከ22.3 ወር በላይ ቆዩ። በአንጻሩ ከሁለተኛው ወገን 8 በመቶ የሚሆኑት በሕክምናው ሳቢያ ሞቱ። ነገር ግን ሁለቱ ሕክምናዎች በአንድነት ስለ ተሰጡ፣ ዕድሜን ያራዘመው የትኛው እንደ ሆነ ከዚህ ጥናት ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በፈረንሳይ በ17 ሆስፒታሎች 265 በሽተኞች ተመረጡ። ሁሉም ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ በ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀው ኦክሳሊፕላቲን ለ30 ደቂቃ የተሰጠው ግን ለአንዱ ወገን ብቻ ነበር። በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ መካከለኛው ዕድሜ የሞቀውን መድኃኒት ላገኙት 41.7 ወር፣ ላላገኙት 41.2 ወር ሆነ። ከቀዶ ጥገናው 60 ቀን በኋላ የታየው ከባድ ጉዳት ግን በፊተኞቹ 26 በመቶ፣ በኋለኞቹ 15 በመቶ ነበር።

ይህ ፍርድ የተሰጠው በዚያ መድኃኒት፣ በዚያ መጠንና በዚያ ጊዜ ላይ ብቻ ነው። በ2018 በኔዘርላንድ በሌላ መድኃኒት የታከሙ፣ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ከሞቀው ፈሳሽ ጥቅም ማግኘታቸው ተገልጿልና። ሆኖም ለአንጀት ካንሰር፣ ቀድሞ ከንቱ ይባል የነበረው ቀዶ ጥገና ከተሻሻሉት የደም ሥር መድኃኒቶች ጋር ሆኖ፣ በጥንቃቄ ለተመረጡት በሽተኞች ከሦስት ዓመት በላይ ዕድሜ ማስገኘቱ ታየ።

የዴድሪክ ስሌት ስሕተት አልነበረም፤ መድኃኒቱ በእርግጥ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል። ዳሩ ግን የመድኃኒት ክምችት ሌላ፣ የሰው ዕድሜ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በስሌት ሲታወቅ ሁለተኛው የሚታወቀው ሁለቱን ሕክምናዎች ለያይቶ በመመዘን ብቻ ነበር፤ ይህም ሚዛን እስኪቆም ድረስ 40 ዓመት ያህል አለፈ።