በወረርሽኝ ዘመን ስለ ሶፍትና ስለ ሳሙና እጦት

ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ እህሉና ስለ ውሃው እንደሆነ ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በያዘ ጊዜ ግን፥ በሀብታቸውና በፋብሪካቸው ብዛት በታወቁ አገሮች ከሱቅ መደርደሪያ ፈጥነው ከጠፉት ዕቃዎች መካከል የመጸዳጃ ቤት ሶፍት፥ የእጅ ማጽጃ አልኮልና በረኪና ይገኙባቸው ነበር። ነገሩ ለሰሚው የሚያስቅ ይመስላል፤ ምክንያቱን ብንመረምር ግን ለሁላችንም የሚጠቅም ትምህርት እናገኝበታለን። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል በሚወጣው በዚህ መጽሔት ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። የውጭ አገሩን ታሪክ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

እንዲህ ያለው እጦት በ2020 ዓ.ም. የተጀመረ አይደለም። በ1973 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች የነዳጅ ዘይት ሽያጫቸውን በቀነሱ ጊዜ፥ የጃፓን የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሕዝቡ ወረቀት እንዲቆጥብ መከሩ። ሕዝቡም ምክሩን «ወረቀት ሊጠፋ ነው» ብሎ ተረጐመው። ወዲያው በኦሳካ አቅራቢያ በሴንሪ ከተማ 300 ያህል ሰዎች በአንድ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈው የነበረውን ሶፍት ገዝተው ጨረሱት፤ ወሬውም ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 19 ቀን በአሜሪካ ጆኒ ካርሰን የተባለው የቴሌቪዥን ቀልደኛ፥ አንድ የምክር ቤት አባል የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ይዞ፥ ሶፍት እየጠፋ ነው ሲል ቀለደ። ተመልካቹ ቀልዱን እንደ እውነት ተቀብሎ ወደ ሱቅ ሮጠ። ካርሰን ቆየት ብሎ እጥረት እንደሌለ ቢናገርም፥ ባዶውን መደርደሪያ በዓይኑ ያየን ሰው በቃል ማሳመን ቀላል አልነበረም።

ከ47 ዓመት በኋላም ይኸው ተደገመ። በፌብሩዋሪ 2020 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ቢላዋ የያዙ ሰዎች 600 ያህል ጥቅል ሶፍት ዘረፉ። በጃፓን ሶፍቱ ከቻይና ስለሚመጣ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ነገር ግን አገሪቱ ከምትጠቀምበት ሶፍት 98 በመቶ ያህሉ የሚሠራው በራስዋ ፋብሪካዎች ነበር። በአውስትራሊያ በማርች መጀመሪያ ዉልዎርዝስ የተባለው ታላቅ የሱቅ ድርጅት ለአንድ ሰው ከ4 እሽግ በላይ እንዳይሸጥ ደነገገ፤ በዳርዊን ከተማ የሚታተም አንድ ጋዜጣም አንባቢዎቹ እየቆረጡ እንዲገለገሉበት ብሎ በቀልድ 8 ባዶ ገጾች ጨምሮ ወጣ።

እንግዲህ ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን ካላቆሙ ዕቃው ስለ ምን ጠፋ ብለን እንጠይቅ። ሶፍት ቦታ የሚይዝና ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ዕቃ ስለሆነ ባለሱቁ ብዙ አያከማችም፤ በየጊዜው የሚመጣለትን ብቻ ይደረድራል። ፋብሪካውም ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ በድንገት እጥፍ አድርጎ ማውጣት አይችልም። ለምሳሌ አንድ ሱቅ በሳምንት 100 እሽግ ቢያመጣና 100 ደንበኞች ቢኖሩት፥ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሲወስድ ለሁሉም ይደርሳል። እያንዳንዱ ለመጠባበቂያ ብሎ ሁለት ቢወስድ ግን 50 ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከገዙት ውስጥ አንድ እንኳ ስግብግብ የሚባል ሰው ላይኖር ይችላል።

በዚህ ላይ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ ሲታዘዝ የሚያስፈልገው ነገር በእርግጥ ጨምሯል። ተማሪው በትምህርት ቤት፥ ሠራተኛውም በመሥሪያ ቤት ይጠቀምበት የነበረውን ሶፍት አሁን በቤቱ ይጠቀም ጀመር። ጆርጅያ ፓሲፊክ የተባለው የአሜሪካ ወረቀት አምራች አንድ ቤተ ሰብ ቀኑን ሙሉ በቤት ሲውል 40 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሶፍት እንደሚፈልግ ገምቶ ነበር። ለመሥሪያ ቤት የሚሠራው ሶፍት ደግሞ ጥቅሉ ትልቅ ወረቀቱም ስስ በመሆኑ፥ በአንድ ቀን ወደ ቤት መገልገያ ሊለወጥ አልቻለም።

የማጽጃዎቹ እጥረት ከዚህ ይለያል። አልኮልና በረኪና ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ተፈልገዋል። መድኃኒት የተነከረው እርጥብ መጥረጊያ የሚሠራበት ጨርቅ ለሐኪሞች ጭምብልና ልብስ ጭምር ስለተፈለገ፥ ክሎሮክስ የተባለው ኩባንያ በኦገስት 2020 ዓ.ም. መደርደሪያዎቹ እስከ 2021 ዓ.ም. እንደማይሞሉ አስታወቀ። በብዙ አገሮችም የአረቄ ፋብሪካዎች መጠጡን ትተው የእጅ ማጽጃ ያዘጋጁ ጀመር።

በዚህ ሁሉ የተጎዳው ማን ነበር? ገንዘብና መኪና ያለው ሰው በማለዳ ደርሶ ጫነ። ሽማግሌዎች፥ ሕመምተኞችና በቀን ገቢ የሚኖሩ ግን ዘግይተው ደረሱ። በእንግሊዝ አገር አንዲት አስታማሚ ረጅም የሥራ ሰዓትዋን ጨርሳ ወደ ሱቅ ብትሄድ የምትበላው እንኳ አጥታ፥ ሕዝቡ ማከማቸቱን እንዲተው እያለቀሰች ለመነች። ከዚህ በኋላ በየአገሩ ሱቆች ለአንድ ሰው የሚሸጠውን ልክ ወሰኑ፤ የማለዳውንም ሰዓት ለሽማግሌዎችና ለሐኪም ቤት ሠራተኞች ለዩላቸው።

በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የእኛ ሕዝብ በውሃ መታጠብን የለመደ ስለሆነ ጭንቀቱ በሶፍት ላይ አልነበረም፤ አልኮል፥ ጭምብልና ሳሙና ግን ዋጋቸው ባንድ ጊዜ ናረ። መንግሥት ያለ አግባብ ዋጋ የጨመሩትን ሱቆች አሸገ። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም የእጅ ማጽጃ በራሳቸው ቤተ ሙከራ አዘጋጅተው ለሕዝብ አደሉ፤ በየሕንፃው ደጃፍም የውሃ በርሜልና ሳሙና ቆመ። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ የኮሮና ቫይረስ ቅባት ያለው ሽፋን ስላለው ተራ ሳሙና ሽፋኑን ይበጥሰዋልና፤ አልኮል ያጣ ሰው ሁሉ መድኃኒት አጣ ማለት አይደለም። ቧንቧ በሌለበት ሰፈር ግን በጀሪካን የተቀዳውን ውሃ ለመጠጥ፥ ለወጥና ለእጅ ማካፈል የእናቶች ፈተና ነበር።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በ2020 ዓ.ም. በየቤቱ ተከምሮ የቀረው ሶፍት ለባለቤቱ ሸክም ነበር፤ ለጎረቤቱ ቢደርስ ግን ጌጥ በሆነ። ከዚህም በላይ በበሽታ ጊዜ የጎረቤት እጅ ሳይታጠብ ከቀረ ሳሙና ያከማቸውም ሰው አይድንም፤ በሽታው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይተላለፋልና። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ወሬ ስንሰማ ከመሮጣችን በፊት ከወዴት እንደመጣ እንጠይቅ፤ ለቤታችን የሚበቃውንም ገዝተን ለሚቀጥለው ሰው እንተውለት።