ከሽሪምፕ ጋር የሚኖር ዓሣ

ፍራንክፈርት ውስጥ የአኳሪየም ዓሣ በምንሸጥበት መደብር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም፦ «ከሽሪምፕ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ዓሣ የትኛው ነው?» ብዙ ጠያቂዎች ነገሩ ሰው ዓሣን በመስታወት ውስጥ ማኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የነበረ ይመስላቸዋል። ጥያቄው ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዕድሜው ከአርባ ዓመት ብዙም አያልፍም። በዚያ አጭር ዕድሜውም አንዴ ተገልብጧል። መጀመሪያ ሽሪምፕ የሚገባው ለዓሣውና ለተክሉ ሲባል ነበር፤ ዛሬ ዓሣ የሚመረጠው ለሽሪምፑ ሲባል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በድሮው ምክር ዓሣ ይገዛና ሽሪምፖቹ ለምን እንደማይበዙለት ግራ ሲገባው ይከርማል።

ከሥሩ ለመጀመር ወደ ለንደን መሄድ አለብን (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ሰው በ1850 ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አቀረበ። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችና የውኃ ተክል አብሮ አኑሮ ነበር። ተክሉ ለዓሦቹ ኦክስጅን ሰጠ፤ የረገፈው ቅጠል ግን እየበሰበሰ ውኃውን አበላሸው። ዋሪንግተን ቀንድ አውጣ ጨመረበት፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን በላ፣ ውኃውም ጠራ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በጨው አልባ ውኃ አኳሪየም ውስጥ የጽዳቱ ሥራ በአብዛኛው የቀንድ አውጣዎችና የአምባዛ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ዓሦች ሆኖ ቆየ። ሽሪምፕ ቢገኝ እንኳ ብዙውን ጊዜ ለትልልቅ ዓሦች መኖ ነበር።

ይህን የለወጠው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው። በ1954 በኒጋታ ተወለደ፤ በወጣትነቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ፣ ቀጥሎም የዱር ደን ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በ1982 የራሱን ድርጅት አቋቁሞ መስታወት ውስጥ ሜዳና ጫካ ማብቀል ጀመረ። ለተክሎቹ ብርቱ ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ብርሃንና ምግብ በበዛበት ውኃ ደግሞ አልጌ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰዋል። አማኖ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ በአገሩ ወንዞች የሚኖር፣ ገላው መስታወት መሰል፣ ጎኑ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የተደረደረበት ሽሪምፕ አስገባ። ሽሪምፑ አልጌውን ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል። በ1992 የወጣው የፎቶግራፍ መጽሐፉ ከጃፓን ውጭ ሲሰራጭ ሽሪምፑም ተከተለው፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የቀጣዩ ዘመን ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። የአማኖ ሽሪምፕ ሲያድግ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኒዮን ቴትራን የመሰለ ትንሽ ዓሣ እንዲህ ያለውን ሽሪምፕ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ሁለተኛውና ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ሽሪምፕ አኳሪየም ውስጥ ልጅ አያሳድግም። በተፈጥሮ እናቲቱ እንቁላሏን ወንዝ ውስጥ ትፈለፍላለች፣ እጮቹን ጅረቱ ወደ ባሕር ይወስዳቸዋል፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ካደጉ በኋላ ሽቅብ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ጨው በሌለበት መስታወት ውስጥ እጮቹ በጥቂት ቀናት ይሞታሉ። ስለዚህ አማኖ ዓሣ ሲመርጥ የሚያስበው ስለ አዋቂው ሽሪምፕ ብቻ ነበር። ትልቅ አፍ ያለው ዓሣ እስካላስገባ ድረስ በመንጋ ከሚኖሩት ትንንሽ ቴትራዎች ለዓይን ያማረውን መምረጥ ይችል ነበር። በዚያ ዘመን «ከሽሪምፕ ጋር ይስማማል» የተባለው ዓሣ ሁሉ የተፈተነው ልጅ በሌለበት ቤት ነው።

በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። ሂሳያሱ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ አርቢ ከሆንግ ኮንግ አካባቢ የመጡ፣ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎሩ የንብ ሽሪምፖች ነበሩት። ከጥቁሮቹ መካከል ቀይ ወጣችበት፤ ከእሷ ዘር እየመረጠ ክሪስታል ሬድ የሚባለውን ቀይና ነጭ ሽሪምፕ አወጣ። የንብ ሽሪምፕ ሳይንሳዊ ስሙን በይፋ ያገኘው በ2014 ነው፤ አርቢዎች ለዓመታት ካባዙት፣ ከገመገሙትና ከተወዳደሩበት በኋላ ማለት ነው። በዚሁ ዘመን ከቻይና የሚገኘው፣ ኒዮካሪዲና የሚባለው ቡናማ ሽሪምፕ፣ ፈረንሳዊው ቡቪየ በ1904 የገለጸው ዝርያ፣ በአርቢዎች ምርጫ ደማቅ ቀይ ሆኖ በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሞላው።

እነዚህ ሁለቱ ባሕር አያስፈልጋቸውም። እናቲቱ እንቁላሏን ከጅራቷ ሥር ለሦስትና ለአራት ሳምንት ታቅፋ፣ አዋቂውን በመልክ የሚመስሉ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ልጆች ትፈለፍላለች። የአርቢው ሀብት እንግዲህ እነዚህ ልጆች ሆኑ። ለዓመታት «ሰላማዊ» ሲባል የኖረው ኒዮን ቴትራ በአንድ ጊዜ አዳኝ ሆነ። ዓሣው አልተለወጠም። ሰላማዊ የተባለው ከሌላ ዓሣ ጋር ስለማይጣላ ነበር፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚያህል የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ለእሱ ድሮም ምግብ ነው። ጠግቦም ቢሆን ይለቅመዋል። የእኛ ቆሮሶ ቤተሰብ የሆኑት ሲክሊዶችማ ትንንሾቹ ዝርያዎች እንኳ አዋቂውን ሽሪምፕ ቅርፊቱን ጥሎ ገላው ገና ሳይጠነክር ያጠቁታል።

ለልጅ ልጃቸው ስጦታ ሊገዙ የመጡ አንዲት የአገሬ እናት ጉዳዩን ከብዙ መጽሐፍ አሳጥረው ጠይቀውኛል። «ልጄ፣ ይኼ ዓሣ ትንንሾቹን አይበላብንም?»

«እማማ፣ አፉ የቻለውን ሁሉ ይበላል።»

«እንግዲያው አፉ ትንሽ የሆነውን አሳየኛ!»

ገበያውም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከቦርኒዮ የሚመጣው፣ በ1978 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ቦራራስ ብሪጊቴ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሽሪምፕ አርቢዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። በ2006 ደግሞ ምያንማር ውስጥ ሆፖንግ አጠገብ፣ ሣር በሞላበት ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ጎኑ ላይ ዕንቁ የተበተነበት የሚመስል ዓሣ ተገኘ፤ ተመራማሪው ታይሰን ሮበርትስ በ2007 በሳይንስ ገለጸው፤ እሱም ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም በጥሩ ምክንያት ተወደዱ። ሆኖም እኔ ለደንበኛ «ፍጹም አይነኩም» ብዬ አልሸጥም። የተፈለፈለው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእነሱም አፍ ይበቃል። ሞስ የሚባለው የውኃ ተክል በብዛት ካለና ሽሪምፖቹ ቀድመው ገብተው ከበዙ ግን የሚበላው ከሚወለደው ያንሳል።

በሙሉ ልብ የምሰጠው አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ ኦቶሲንክለስ። የደቡብ አሜሪካ ትንሽ አምባዛ ነው፣ አፉ ከሥር ሆኖ መስታወትና ቅጠል ላይ ተጣብቆ አልጌ ይልሳል፤ ልጅ ሽሪምፕ አጠገቡ ቢያልፍ ዞር ብሎም አያይም። አማኖ ራሱ ከሽሪምፑ ጎን ያሰለፈው ይህንኑ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በገበያ ያለው አብዛኛው ከወንዝ የተጠመደ ስለሆነ ረጅሙን መንገድ ሳይበላ ተጉዞ ሆዱ ተጣብቆ ይደርሳል። ስለዚህ መደብር ውስጥ ሆዱን ከሥር አይቼ ያልሞላውን አልሰጥም፤ ለገዢውም መስታወቱ ወራት የቆየ፣ አልጌ የያዘ መሆን እንዳለበት እነግረዋለሁ። ዓሣው ቢታመም ደግሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፑን ስለሚገድል፣ የታመመው በሌላ ዕቃ ተለይቶ ይታከም።